ፎቶግራፉ ወደተነሣበት ቦታ ይመለስ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዕድር ሥራ መቅበር ብቻ ነው የሚል ካለ መዝገባችንን ገልጦ ይይ። ማን መቼ እንዳረፈ፣ የማን ልጅ እንደነበረ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ ዕድር ስም ጠባቂ ነው ማለት ነው። ዛሬ የምናነሣው የአሮጌ ፎቶግራፍ ነገርም የስም ነገር ነው።

እንዳ ኢየሱስ ብዙ ያየ ኮረብታ ነው። በ1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በማጆር ጋሊያኖ አዛዥነት መሽጎ የነበረው እዚሁ ነው። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተያዘበትና ጦሩ ውሃ ጠማው፤ በጥር ወር ዐፄ ምኒልክ ከነመሣሪያው እንዲወጣ ፈቀዱለት። በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ተመልሶ መቀሌን ሲይዝ ግን ካሜራም ይዞ ነበር። ያን ጊዜ ከአውሮፕላን ያነሣቸው በሺህ የሚቆጠሩ የአገራችን ፎቶግራፎች ከብዙ ዘመን በኋላ አዲስ አበባ፣ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተገኝተዋል።

ከዚያም በፊት በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በትግራይ ሲያልፍ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። በኛ ዘመን በቤልጂግ አገር የጌንት ዩኒቨርሲቲ መምህር ያን ኒሰንና የሥራ ጓደኞቹ እነዚያን ፎቶግራፎች ይዘው፣ አንሺው በቆመበት ቦታ ቆመው እንደገና አነሡ። እኛ «ድሮ ተራራው ሁሉ ደን ነበር» እንል የለም? ፎቶግራፉ ግን ያኔም ብዙው ተራራ የተራቆተ እንደነበረ፣ ዛሬ በብዙ ቦታ ዛፉ እንደበዛ አሳየ። እርከን የሠራው፣ ተራራውን ከከብት የከለለው ገበሬ ድካሙ ከንቱ አልቀረም። ይህ የታወቀው በቦታው በመቆም ነው እኮ!

በጃፓን አገርም በ1937 ዓ.ም. አቶሚክ ቦምብ በወደቀባት በሂሮሺማ፣ የጥፋቱ ፎቶግራፍ በተነሣበት ስፍራ በሰሌዳ ላይ ቆሟል። መንገደኛው ፎቶግራፉንም ቦታውንም አንድ ላይ ያያል።

ታዲያ የኛስ? ባዕድ ያነሣው ፎቶግራፍ ላይ ቦታው ቢጻፍም የሰዎቹ ስም ብዙ ጊዜ የለም። ስሙን የሚያውቁት እዚህ የተቀመጡት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው፤ እነሱም በየዓመቱ ከመዝገባችን እየጎደሉ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ ደግሞ ስንቱ ቤት ፎቶግራፉን አጣ! ለሐዘን ድንኳን የሚቆም የልጇ ፎቶግራፍ ያጣች እናት አይተናል። ስም የሌለው ፎቶግራፍ መቃብሩ እንዳልታወቀ ሙት ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየሣጥናችን ያለውን አሮጌ ፎቶግራፍ እናውጣ። ዋናው ከባለቤቱ እጅ አይውጣ፤ ፀሐይ ቀለሙን ስለሚበላው የሚሰቀለው ቅጂው ይሁን። ቤተሰብ ካልፈቀደ አይሰቀል። በአንድ እሑድ የሠርጉ በሠርጉ ግቢ፣ የገበያው በገበያው፣ የመንገዱ በመንገዱ ዳር ይቁም። ከአጠገቡ ደብተር ይቀመጥ፤ የሚያውቅ ስሙን ይናገር፣ ልጆች ይጻፉ። «ይቺ እኮ እናቴ ናት» የሚል አንድ ሰው ከተገኘ ድካማችን ተከፍሏል።

ላለፉት ነፍስ ይማርልን፤ ያለነውን ሰላም ያክርመን።