ልጅ ሲቆጣና ሲፈራ በቤታችን ምን እናድርግ?

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ከተደረገው ንግግር ለማስታወቂያ ሰሌዳ ተዘጋጅቶ የቀረበ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መዋጮ ወይም ስለ ቦይ ጠረጋ አይደለም። ስለ ልጆቻችን ሆድ ነው። ሆድ ስንል ስለ ምግብ ማለታችን አይደለም፤ ልጅ ሆድ ሲብሰው፣ ሲናደድ፣ ሲፈራ እኛ ትልልቆቹ ስለምናደርገው ነገር ነው።

ነገሩን ያስነሣን ባለፈው ጥቅምት የሆነው ነው። የቤተሰቡን ስም አንጠራም። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ከሩዝ ማሳ ወፍ እንዲጠብቅ ተልኮ ጨዋታ አታለለው፤ ወፉም ወረደበት። አባትየው ደርሶ ይህን ሲያይ በያዘው ዘንግ ገረፈው። ልጁ አላለቀሰም፤ ዝም ብሎ ሄደ። ማታ ሲታጣ ሰፈሩ ሁሉ ባትሪ እያበራ ወጣ። በመጨረሻ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ መናኸሪያው አጠገብ ከቆመ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ተገኘ። እኛ የምንኖረው መገንጠያ ላይ ነው፤ አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። ያኮረፈ ልጅ መኪና አያጣም። ሾፌሩ ሳያየው ሞተሩን ቢያስነሣስ ኖሮ?

ይህን የምንለው አባትየውን ለመውቀስ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ያረመው ማሳ ነው። ከእኛስ መካከል በዚያች ሰዓት እጁን የሚሰበስብ ስንት ነው? ደግሞም ሩዝ በ1970ዎቹ ወደ ፎገራ ከገባ ወዲህ የልጆቻችንም ሥራ በዝቷል፤ ከብት ጥበቃው አልቀረ፣ የሩዙ ወፍ ተጨመረበት፣ በዚያ ላይ ትምህርት አለ። ልጅም ይደክመዋል።

በመሠረቱ ልጅ ንዴቱን በቃል መናገር ገና አልተማረም። ስለዚህ በእግሩ ይራገጣል፣ ዕቃ ይወረውራል፣ ያኮርፋል። አማርኛችን ለዚህ ድሃ አይደለም፤ ከፋው፣ ቅር አለው፣ ሆድ ባሰው፣ አፈረ፣ ቀና እንላለን፤ እያንዳንዱም የተለየ ነገር ነው። እናትየው አራስ ቤት ስትሆን ከጡት የተነሣው ትልቁ ልጅ ሕፃኑን ቢቆነጥጥ «ክፉ ልጅ!» ብሎ ከመደብደብ፣ አጠገብ አስቀምጦ «ቀንተህ ነው? እናቴ ረሳችኝ ብለህ ነው?» ማለት ይሻላል። መቆንጠጡ ልክ አለመሆኑን ደግሞ ያኔውኑ እንነግረዋለን። መቅናቱ ጥፋት አይደለም፤ መቆንጠጡ ነው ጥፋቱ።

ልጁ በቁጣ በጋለበት ሰዓት ምክር አይገባውም። በከንቱ እንጮኻለን እንጂ አይሰማንም። ቁጭ ብሎ፣ ፊቱን ፊት ለፊት እያዩ፣ ውሃ ሰጥቶ መጠበቅ ነው። ከዚያም ምድጃ ላይ እሳት እንደሚያነድ ሰው ቀስ ብሎ፣ ረዘም አድርጎ «እፍ» እንዲል ማድረግ ልቡን ያረጋዋል። ልጅ ይህን እንደ ጨዋታ ይወደዋል። እኛም አብረን እፍ ብንል የሚጎዳን ነገር የለም፤ እንዲያውም ከልጁ ይልቅ የሚያስፈልገው ለኛ ሳይሆን አይቀርም።

«ወንድ ልጅ አያለቅስም»፣ «ዝም በል፣ ጅብ መጣልህ» የምንለውስ? ልጁ ዝም ይላል እንጂ ፍርሃቱ አልወጣለትም። በርበሬ ማጠን የሚባለውን ግን ዛሬም የሚያደርግ ካለ ማሳደግ ሳይሆን ማሠቃየት ነውና ይተው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት የተጠበቁ እንዲሆኑ ደንግጓል። መምህሩ የተከለከለውን እኛ ቤት ውስጥ ማድረጋችን ተገቢ ነው ወይ? ሌላም አለ፤ ቡና ላይ የልጅን ጥፋት ለጎረቤት መዘርዘር። ልጁ ጓዳ ሆኖ ይሰማል፤ ያፍራል። ከዱላው የማያንስ ነው።

ስለ ጎርፍ አንድ ነገር እንጨምር። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ሜዳውን ውሃ ሲውጠው ልጆች የነበሩ ዛሬ ከመካከላችን ወላጆች ሆነዋል፤ አንዳንዶቻችን አሁንም ሌሊት ዝናብ ሲከብድ እንቅልፍ አይወስደንም። በ2012 ዓ.ም. ክረምትም ጎርፍ ደርሶብናል። ርብና ጉማራ ሲሞሉ፣ ወይም በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ፣ ልጅ «ምንም የለም፣ ተኛ» ሲባል አያምንም፤ የኛን ፊት ያያልና። «ፈርተሃል፣ እኛም ፈርተናል፤ ውሃው ከመጣ በዚህ በኩል ወደ አክስትህ ቤት እንወጣለን» ብሎ እውነቱን መንገርና መንገዱን በቀን ማሳየት ይበልጣል። ፍራሹን ያረጠበ ልጅ አይሳቅበት። ቅዠቱ ወይም ዝምታው ከወር ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ከመናኸሪያው የመጣውን ልጅ አባትየው በማግሥቱ «ጨክኜብሃለሁ፣ አጥፍቻለሁ» ብሎታል። ይህን ሲነግረን አፍሮ ነበር፤ እኛ ግን አከበርነው። ልጁ መልስ አልሰጠም። ከሰዓት በኋላ ግን ወንጭፉን ይዞ ማሳው ላይ ታየ፤ የጎረቤት ልጅም አብሮት ነበር። ስለሆነም ለሚቀጥለው ወፍ ጥበቃ ልጆቻችሁን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ፣ በየተራ እየተለዋወጡ እንዲውሉ የምትፈልጉ ወላጆች፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ።