ጠባብ በጀትና የቤተሰብ ኑሮ
(በተማሪዎች ኅብረት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ ፈልገን የምናገኘው አይደለም። እያንዳንዳችን ተወልደን ያደግንበት ቤት በየወሩ በሚገባው ጥቂት ገንዘብ እንዴት እንደሚኖር፣ ሲሞላለትና ሲጎድልበት ምን እንደሚመስል፣ እኛም በዚያ ቤት ሒሳብ ውስጥ ምን ስፍራ እንደ ያዝን ለመመርመር ነው። ስለ አገር ኢኮኖሚ ብዙ ንግግር ሰምተናል፤ እኛም ተናግረናል። ነገር ግን አገር የብዙ ቤቶች ድምር ስለ ሆነ፣ የአንዲት ቤት ጓዳ እንዴት እንደሚተዳደር ሳያውቁ ስለ አገር ጎተራ መናገር የተሟላ ዕውቀት ሊባል አይችልም።

ንግግራችንን በሦስት ከፍለነዋል። መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት መጥቶ በየት እንደሚሄድ፤ ሁለተኛ ቤተሰቡ ጉድለቱን በምን ዘዴ እንደሚሞላ፤ ሦስተኛም ከእኛ ከተማሪዎች ምን እንደሚጠበቅ እንመለከታለን።

1ኛ፤ ስለ ገቢና ስለ ወጪ

ለምሳሌ ያህል አዲስ አበባ የሚኖር፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በተላላኪነት የሚሠራ፣ ሚስትና አራት ልጆች ያሉት አንድ አባወራ እንውሰድ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ሲሆን፣ በቀረው ላይ 700 ብር ግብር ይታሰባል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለት 420 ብር፣ ሲቀነስበት አባወራው ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባው 4,880 ብር ነው። ይህን ለስድስት ሰው በሠላሳ ቀን ብናካፍለው በቀን ለአንድ ነፍስ 27 ብር ከጥቂት ሳንቲም ይደርሳል። ይህም ለምግብ ብቻ አይደለም። ኪራይ፣ መብራት፣ ውኃ፣ የታክሲ፣ ሳሙና፣ ደብተርና መድኃኒት ሁሉ በዚሁ ውስጥ አሉ።

ከዚህ የተነሣ በደመወዝ ብቻ የሚኖር ቤት ጥቂት ነው። እናቶቻችን እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ፤ ጉሊት ይቀመጣሉ፤ የሰው ልብስ ያጥባሉ። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ግን «የቤት እመቤት ነኝ» ይላሉ። እኛም በምዝገባ ቅጽ ላይ «የእናት ሥራ» በሚለው ፊት ለፊት ይህንኑ እንጽፋለን።

ከወጪዎች ሁሉ ከባዱ የቤት ኪራይ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ትርፍ ቤቶች በመንግሥት እጅ ከገቡ ወዲህ፣ በቀበሌ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ጣሪያው ቢያፈስም ኪራዩ አይከብደውም። ከግለሰብ የተከራየው ግን ደመወዙን ከፍሎ የሚቀረውን መቍጠር አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕግ የሚረዳው ላወቀውና በጽሑፍ ለተዋዋለው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ልናስተውለው የሚገባን ነገር፣ ድኻ የሆነ ሰው ዕቃ በውድ የሚገዛ መሆኑ ነው። ይህ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ገንዘብ ያለው ሰው አዝመራ ተወቅቶ ገበያው በሚሞላበት በጥርና በየካቲት ጤፉን በኩንታል ገዝቶ ያስቀምጣል። የሌለው ግን በየሳምንቱ አምስት አምስት ኪሎ እያለ ይገዛና ክረምት ሲገባ ዋጋው በተወደደበት ወቅት ላይ ይደርሳል። ከሰልም እንዲሁ ነው። በማዳበሪያ የሚገዛና በትንሽ መደብ የሚገዛ ሁለት ሰዎች ለአንድ ዓይነት ከሰል እኩል አይከፍሉም። ዘይት በጀሪካንና ዘይት በትንሽ ላስቲክም እንደዚሁ። የጎደለው ቍጠባ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ ነው።

የመብራትም ነገር ከዚህ አይለይም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ሲወጣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ሰው ዝቅተኛ ዋጋ ተመድቧል፤ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱም ዋጋ ከፍ እያለ ይሄዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ይስባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሁለት ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት በወር 56 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ አምፖል ሳይበራ ምጣዱ ብቻ የዝቅተኛውን መደብ ወሰን አለፈ ማለት ነው። በአንድ ግቢ አምስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ደግሞ ሁሉም ባንድነት ወደ ውዱ መደብ ይወጣሉ። ለድኻ ታስቦ የተመደበው ዋጋ የራሱ ቆጣሪ የሌለውን ድኻ አያገኘውም። እናቶቻችን ጎረቤት ተቀጣጥረው፣ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ምጣዱ ሳይበርድ የምትቀጥለው ይህን ሒሳብ ስለሚያውቁ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ የገበያው ሁኔታ ይለዋወጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። እናቶቻችን ዶላር በእጃቸው ይዘው ባያውቁም ከውጭ የሚመጣው ዘይትና መድኃኒት ነገሩን ነግሯቸዋል።

ከዓመቱ ወቅቶችም ከሁሉ የሚያስቸግረው የነሐሴ ደመወዝ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው በዐሥራ ሁለት ወር ሲሆን ሆድ ግን ጳጉሜንንም ይቈጥራል። ስለዚህ የነሐሴው ደመወዝ ሠላሳ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም ሠላሳ ስድስት ቀን መቈየት አለበት። በእነዚሁ ቀኖች ውስጥ እንቍጣጣሽ አለ፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ አለ፤ መስቀልም ይከተላል። ያ ወር የሚያልፈው በጭንቀት መሆኑን ሁላችንም አይተናል።

2ኛ፤ ጉድለቱ ስለሚሞላበት ዘዴ

የቤቱ ገቢ እንደዚህ ከሆነ ቤተሰቡ እንዴት ቆመ? መልሱ፣ በጓዳ ውስጥ ብዙ ያልተጻፈ ዕውቀት መኖሩ ነው።

በርበሬና ሽሮ በበጋ ፀሐይ ተሰጥተው ደርቀው ተፈጭተው ይከተታሉ፤ ክረምት ከገባ በኋላ ማድረቅ አይቻልምና። ጤፉ ሲወደድ ማሽላ ወይም ሩዝ ይቀላቀልበታል። ሁዳዴ ለነፍስ ቢሆንም፣ ቅቤና ሥጋ ለአምሳ አምስት ቀን ስለሚቆም ለኪስም ዕረፍት ይሰጣል። ለበዓል ብቻውን በሬ ሊያርድ የማይችል ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር ቅርጫ ይገባል። ሁሉም እኩል መደብ ስለሚያነሣ ማንም ሳያፍር ልጆቹን ሥጋ ያበላል።

ዱቤም አለ። ባለ ሱቁ በደብተሩ ይጽፋል፤ ወለድ አይጠይቅም። ነገር ግን ዱቤ ያለበት ሰው ዋጋ ለመከራከርም ሆነ ወደ ሌላ ሱቅ ለመሄድ ነጻነት የለውም። ስለዚህ ወለዱ በደብተሩ ላይ ባይታይም ይከፈላል።

ዕድር ለሞት የተቋቋመ ጥላ ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ምግቡን ያቀርባል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አይወድቅም። ይሁን እንጂ በአብዛኛው የሚደርሰው ከሞት በኋላ ነው፤ ለታመመው ሳይሆን ለሞተው። ዕድሮቻችን ለሕክምናም እንዲያስቡ ማሳሰብ የሁላችንም ተግባር ነው።

ዕቁብን ግን ጠለቅ ብለን እንመልከተው፤ በኋላ ለምንናገረው ይጠቅመናልና። ዐሥር ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢያዋጡ 10,000 ብር ይሆናል። ዕጣ ይወጣል። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ብድር አገኘ ማለት ነው፤ በዐሥረኛው ወር የሚደርሰው ደግሞ ለዘጠኙ ሰዎች አበዳሪ ሆኖ ቈየ። ዋጋ ባልተለዋወጠበት ዘመን ልዩነቱ ጥቂት ነው። ዋጋ በሚንርበት ዘመን ግን የመጀመሪያው የገዛበት 10,000 ብርና የመጨረሻው የሚገዛበት 10,000 ብር አንድ አይደሉም። ኋለኛው ለፊተኛው ከገንዘብም በላይ ነገር ሰጥቶታል። ዕቁብተኛው ዕጣ ሲደርሰው ዋስ የሚጠራው ለዚህ ነው። ቀድሞ በልቶ የሚጠፋ ሰው ዕቁቡን ያፈርሳል፤ የሚጎዱትም ሳይደርሳቸው የቆዩት ናቸው።

ከዘዴዎቹ ሁሉ አንዱን ግን ማመስገን ያስቸግረናል። ይኸውም እናት በመጨረሻ የምትበላ መሆኗ ነው። «እኔ ቅድም ቀምሻለሁ» የሚለውን ቃል ያልሰማ በመካከላችን የለም። በወሩ መጨረሻ፣ ወጡ በቀጠነበት ቀን፣ ድንገት እንግዳ ሲመጣ፣ የእንግዳው ድርሻ የሚቀነሰው ከማን እንደ ሆነ እናውቃለን። ይህ በደብተር የማይገባ ወጪ ነው፤ የሚከፈለውም በጤና ነው።

3ኛ፤ ከእኛ ስለሚጠበቀው

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ገቢው የማይበቃን ሰው ስለ ቍጠባ ማስተማር፣ በችግሩ ላይ ወቀሳ መጨመር ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። 4,880 ብር በየትኛውም ስሌት 10,000 ብር አይሆንም። የደመወዝና የዋጋ ጥያቄ በጓዳ ውስጥ የሚፈታ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ለእናቶቻችን የምንሰጠው ትምህርት የለንም። የምንናገረው ለራሳችን ነው።

የቤተሰባችን ኑሮ እንደ ዕቁብ ቢታሰብ የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው ለእኛ ነው። እኛ እንድንማር የታናሽ እኅታችን ጫማ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል፤ የአባታችን መነጽር አልተለወጠም። እነርሱ ዕጣቸው እስኪወጣ ይጠብቃሉ። እኛ ቀድመን በልተን ብንጠፋ የሚፈርሰው የማን ዕቁብ ነው?

በዚህ ላይ ሌላ ተቃውሞ ይነሣል። «ተመርቆ ቤተሰቡን ሁሉ የሚሸከም ወጣት የራሱን ኑሮ መቼ ይጀምራል? ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የወጪ መጋራት ዕዳም ከደመወዙ ላይ ይጠብቀዋል» ይባላል። ይህም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የምንሰጠው መልስ ግን ከዚያው ከዕቁብ የተገኘ ነው። ዕቁብ መጠኑ የታወቀ፣ ፍጻሜውም የታወቀ ነው። ብዙ ወንድማማቾችን ያጣላው መርዳት ወይም አለመርዳት ሳይሆን፣ ስንት እንደ ሆነና እስከ መቼ እንደ ሆነ በግልጽ አለመነጋገር ነው። ወላጅ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ልጅ ለመናገር ይፈራል፤ በመካከሉ ቅሬታ ያድጋል።

ስለዚህ ለኅብረታችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

ሀ) በመጪው ክረምት ወደ ቤታችን ስንመለስ አንድ ደብተር ገዝተን ከእናቶቻችን ጋር የአንድ ወር ገቢና ወጪ እንመዝግብ። ዓላማው መቈጣጠር ሳይሆን ማወቅ ነው። እናት ሠርታ ያመጣችው ገንዘብም በገቢው ተራ ይጻፍ።

ለ) ሥራ ስንይዝ፣ የመጀመሪያውን ደመወዝ ለምርቃት ሰጥቶ ከዚያ ዝም ከማለት ይልቅ፣ ከቤተሰባችን ጋር ተቀምጠን የማይጎዳንን ግን የማናጓድለውን ወርሃዊ መጠን፣ የሚያበቃበትንም ጊዜ፣ ለምሳሌ ታናሹ ትምህርቱን እስኪጨርስ ብለን፣ እንስማማ።

ሐ) የምረቃን ድግስ እናሻሽል። ለአንድ ቀን ደስታ፣ ለሙሉ ልብስ፣ ለፎቶግራፍና ለበግ ተብሎ ከሰው የሚበደር ቤተሰብ አለ። እኛ የተማርነው ከዕዳ ልናወጣቸው እንጂ በዕዳ ልናስመርቃቸው አይደለም። የአንድ ሰፈር ወይም የአንድ ወረዳ ተመራቂዎች ቅርጫ ገብተን በአንድ ድንኳን ብናከብር፣ ወላጆቻችን ይተዋወቃሉ፤ ወጪውም ይከፋፈላል። ብቻውን መደገስ የማይችል አባትም አንገቱን አይደፋም። ይህን ኅብረቱ ዛሬ በድምፅ እንዲወስንበት እንጠይቃለን።

አባቶቻችን «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ብለዋል። ከጎረቤት ጋር በልብስና በድግስ መፎካከር ለሚያምረው ሰው ይህ ምክር ዛሬም ይሠራል። ነገር ግን ምጣዱን ሳይበርድ የሚቀባበሉት፣ ቅርጫውን የሚገቡት፣ ዕድሩን የቆሙት ጎረቤቶች እንደ ሆኑ ደግሞ አይተናል። እንደ ቤታችን እንኑር፤ ከጎረቤታችንም ጋር እንኑር። ቤታችን እንዴት እንደሚኖር ግን አስቀድመን እንወቅ።