በወንዝ ስም የተጠራችው መኪና

ትዕግስት፦ ጋሼ፣ እዚህ ጎንደር ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባጃጅ ብቻ ነው። በወንዞቻችን ስም የሚጠራ መኪና እንደነበረን ማን ያስታውሳል?

ሙሉጌታ፦ ሆላንድ ካር! እ.ኤ.አ. በ2005 ተቋቁሞ መኪና ይገጣጥም ነበር። አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ ብሎ ሰየማቸው። ተከዜማ ጎረቤታችን ነው!

ትዕግስት፦ ስሙ አገርኛ፤ አካሉስ?

ሙሉጌታ፦ "አባይ" የቻይናው ሊፋን 520 ነበር። ክርስትና ያነሳነው እኛ ነን። ኧረ አበዛሁት፣ መገጣጠምም ሙያ ነው።

ትዕግስት፦ ታዲያ ምን ጣለው?

ሙሉጌታ፦ ዕቃው በዶላር ይገባል፣ መኪናው በብር ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የብር ዋጋ ሲወርድ ሂሳቡ ተናጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሰረ። ሊፋን ግን ዱከም ላይ የራሱን መገጣጠሚያ ከፈተ።

ትዕግስት፦ ለመሆኑ መኪናዋ የሊማሊሞን ዳገት ትወጣ ነበር?

ሙሉጌታ፦ ዳገቱን ተይውና መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ጠይቂኝ!