በሁለት ጨረሮች መካከል ያለው ተቀባይ



የዛሬው ንግግሬ ብዙ አንቴና ያለው የራዲዮ ጣቢያ ኃይሉን ወደ አንድ ተቀባይ የሚያነጣጥርበትን፣ አስቀድሞ የሚዘጋጅ የጨረር መዝገብ የሚመለከት ነው።

እንደሚታወቀው አራት አንቴናዎች አንድ መልእክት በኅብረት ሲያሠራጩ ሞገዶቻቸው ተቀባዩ ዘንድ በእኩል ፌዝ ከደረሱ፣ ጠቅላላው የማሠራጫ ኃይል ሳይጨምር፣ ተቀባዩ በአንድ አንቴና ከሚያገኘው አራት እጥፍ ያገኛል። ዳሩ ግን መላኪያውና መቀበያው በተለያየ ፍሪኩዌንሲ በሚሠሩበት ሥርዓት ጣቢያው የሞገዱን መንገድ ጠባይ የሚረዳው ተቀባዩ በሚልክለት መልስ ነው፤ የመልሱም መንገድ ጠባብ ነው። ስለዚህ ሁለቱም አንድ ዐይነት መዝገብ ይይዛሉ፤ ተቀባዩም የሚስማማውን ጨረር መርጦ ተራ ቁጥሩን ብቻ ይልካል። አራት ጨረሮች ላሉት መዝገብ ሁለት ቢት ይበቃል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንቴናዎቹ በግማሽ የሞገድ ርዝመት ተራርቀው በአንድ መስመር ቢተከሉና በመካከል የሚጋርድ ነገር ባይኖር፣ እኩል የተከፋፈሉ አራት ጨረሮች አቅጣጫውን ሁሉ ይሸፍናሉ። በጨረሩ አናት ላይ ያለ ሰው ሙሉውን ኃይል ያገኛል። በሁለት ጨረሮች እኩሌታ ላይ የቆመው ግን የሚደርሰው ከመቶ 43 ያህል ብቻ ነው። ጨረሮቹ ስምንት ቢሆኑ በሁለት ጨረሮች እኩሌታ ላይ የሚቆመው ሰው ድርሻ ወደ 82፣ ዐሥራ ስድስት ቢሆኑ ወደ 95 ከመቶ ከፍ ይላል። የመጀመሪያው ተጨማሪ ቢት ታላቅ ጥቅም ሲያስገኝ የሁለተኛው ጥቅም መጠነኛ ነው።

ሕንፃ በበዛበት ሥፍራ ሞገዱ ከየአቅጣጫው እየተንጸባረቀ ስለሚደርስ አከፋፈሉ ሌላ ይሆናል። ላቭ፣ ሂዝና ስትሮመር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ እንዲህ ላለው ሁኔታ የሚመረጠው እጅግ የሚቀራረቡት ሁለት ጨረሮች እንኳ በተቻለ መጠን የተራራቁበት መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጠናቀቀው የመጀመሪያው የኤል.ቲ.ኢ. የደረጃ ሰነድም ለአራት አንቴናዎች 16 ምርጫዎች ያሉት መዝገብ ደንግጓል።

እንግዲህ መዝገብ የሚያዘጋጅ መሐንዲስ ስላላየው አካባቢና ስለማያውቀው ሰው አስቀድሞ ፍርድ ይሰጣል ማለት ነው። ለጣቢያው ቅርብ የሆነ ሰው የኃይሉ መጉደል ላይሰማው ይችላል፤ በዳር ያለው ግን ግንኙነቱ ሊቋረጥበት ይችላል። አማካዩ ቁጥር ይህን ሰው ይሸፍነዋል። ስለሆነም አንድ መዝገብ ለግምገማ ሲቀርብላችሁ፣ አማካዩን ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ እንድታነሡ አደራ እላለሁ፤ ይኸውም ከሁሉ ያነሰ የሚደርሰው ተቀባይ ምን ያህል ያገኛል? የሚል ነው።