የሌሊት ወፍና በላይዋ የሚኖሩ ተባዮች
(ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የመካነ ሰላም፣ የሳይንት፣ የመቅደላና የተንታ ገበሬዎች፤

ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምርጥ ዘር አይደለም። ማታ ማታ ከቤታችሁ ጣራ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ክዳን ሥር፣ ከበሽሎና ከዓባይ ገደል ዋሻዎች ስለምትወጣው የሌሊት ወፍ ነው። ይህች እንስሳ በብዙ ሰው ዘንድ የተጠላች ናት። ኩሷ ይሸታል፤ በጨለማ ድንገት ብር ስትል ታስደነግጣለች። ስለዚህ አንዱ በዋሻ አፍ ላይ እሳት አንድዶ በጭስ ይፈጃታል፤ ሌላው መውጫዋን በጭቃ ይደፍንባታል። ይህን ከማድረጋችን በፊት ግን ምን እንደምትበላና በላይዋም ምን እንደሚኖር ማወቅ ይገባናል። ሳናውቅ የምንሠራው ሥራ ተባዩን ከጣራ አውርዶ ወደ መኝታችን የሚያመጣ ሊሆን ይችላልና።

የሌሊት ወፍ ምን ዓይነት እንስሳ ናት?

ስሟ ወፍ ይባል እንጂ ወፍ አይደለችም። ላባ የላትም፤ እንቁላልም አትጥልም። እንደ ላምና እንደ በግ ወልዳ ጡት ታጠባለች። ክንፏ በረጃጅም ጣቶቿ መካከል የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ የሌሊት ወፍ ዓይነቶች ይታወቃሉ፤ በአገራችንም ከ70 የማያንሱ ተመዝግበዋል። በባሌ ተራራዎች የምትገኝ አንዲት ጆሮ ረጅም ዓይነት በሳይንስ መጽሐፍ ስም ወጥቶላት የተጻፈችው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው።

በአመጋገባቸው የአገራችን የሌሊት ወፎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ፍሬ በሎች ናቸው። ሾላና ዋርካ የመሰለውን ፍሬ ይበላሉ፤ ዘሩንም እየበረሩ ከኩሳቸው ጋር በየቦታው ይጥላሉ። ማንም ሳይተክለው በገደል ስንጥቅ ላይ የሾላ ችግኝ በቅሎ ብታዩ፣ ዘሪው ወፍ ወይም የሌሊት ወፍ ሊሆን ይችላል። እንደ ደንቆሮ ያለው ጫካ ዘር የሚበትኑለት እንስሳት ከጠፉበት፣ በመጥረቢያ ባይቆረጥም እያረጀ ይሄዳል።

ሁለተኛዎቹ ነፍሳት በሎች ሲሆኑ ቍጥራቸው ይበልጣል። እነዚህ የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ እያሰሙ፣ ድምፁ ከነፍሳቱ ላይ ነጥሮ ሲመለስ በማዳመጥ በድቅድቅ ጨለማ ያድናሉ። የሚበሉት የእሳት እራት፣ ጢንዚዛ፣ ትንኝና ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። የሰብላችን ጠላት የሆኑት ተምችና የአገዳ ቆርቁር የሚፈለፈሉት በሌሊት በሚበርሩ የእሳት እራቶች ከተጣለ እንቁላል መሆኑን ታውቃላችሁ። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው መጤ ተምችም እንዲሁ ነው። ቀን ቀን ወፎች የሚሠሩልንን የጥበቃ ሥራ ሌሊት የሚቀበላቸው የሌሊት ወፍ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ነፍሳት በል የሆነች ትንሽ የሌሊት ወፍ 10 ግራም ያህል ትመዝናለች። በአንድ ሌሊት የክብደቷን ሲሶ እስከ ግማሽ ትበላለች፤ የምታጠባ እናት ደግሞ ከዚህም ታልፋለች። አንዷ 4 ግራም በላች ብንል፣ በአንድ ዋሻ ያደሩ 1,000 የሌሊት ወፎች በአንድ ሌሊት 4 ኪሎ፣ በ30 ሌሊት 120 ኪሎ ነፍሳት ይፈጃሉ ማለት ነው። ይህ ከአንድ ኩንታል በላይ ነው። በእርግጥ ተምች በመንጋ ሲነሣ የሌሊት ወፍ ብቻዋን አታስቆመውም፤ ማሳችሁን እየዞራችሁ ማየታችሁን አትተዉ። ነገር ግን ያለ ደመወዝ የሚያገለግልን ዘበኛ የሚገድል ብልህ ገበሬ የለም። ይልቁንም የሌሊት ወፍ እንደ አይጥ ቶሎ የምትራባ አይደለችም። አብዛኞቹ ዓይነቶች በዓመት አንድ ብቻ ይወልዳሉ። በአንድ ቀን ጭስ የጠፋ መንጋ ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈልጋል።

በላይዋ የሚኖሩት ተባዮች

በግ ያረባ ሰው በበግ ጠጕር ውስጥ የሚሽሎከሎከውን፣ መዥገር የሚመስለውን ክንፍ የለሽ ደም መጣጭ ያውቀዋል። እርሱ በእውነቱ መዥገር ሳይሆን ክንፉን ያጣ ዝንብ ነው። በሌሊት ወፍም ጠጕር ውስጥ የእርሱ የሥጋ ዘመዶች የሆኑ ዝንቦች ይኖራሉ። አንዳንዶቹ ክንፍ የላቸውም፤ በስድስት ረጃጅም እግሮቻቸው ሸረሪት ይመስላሉ።

የእነዚህ ዝንቦች አወላለድ የሚያስገርም ነው። እንደ ሌላው ዝንብ እንቁላል አይበትኑም። እናቲቱ አንድ ትል ብቻ በማሕፀንዋ ይዛ፣ ወተት በሚመስል ነገር ትመግበዋለች። ትሉ ሲደርስ ከሌሊት ወፏ ላይ ወርዳ በዋሻው ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። እዚያው ደርቆ እንደ ፍሬ ይሆናል፤ ከሳምንታት በኋላም አዲስ ዝንብ ይወጣዋል። በቆላ ከብቶቻችንን ገንዲ የሚያስይዘው ዝንብም የሚወልደው በዚሁ ዓይነት ነው። ነገር ግን የሌሊት ወፍ ዝንብ ከባለቤቷ ተለይታ ብዙ ቀን አትኖርም፤ በሰው ቤትም አትራባም። ከሰው ወባ ጋር የዘር ዝምድና ያለው የደም በሽታ ከአንዷ የሌሊት ወፍ ወደ ሌላዋ ታስተላልፋለች፤ ያ በሽታ ግን ሰውን አይዝም።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡት ሌሎች ናቸው። እነርሱም በሌሊት ወፍ ማደሪያ ስንጥቅ ውስጥ የሚደበቁት ትኋንና ለስላሳ መዥገር ናቸው። እነዚህ ቀን ከሌት በሌሊት ወፏ ላይ አይኖሩም፤ ደም ጠጥተው ወደ ስንጥቃቸው ይመለሳሉ። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ዛሬ የሰውን ደም የሚጠጣው ትኋን ራሱ ጥንት ከሌሊት ወፍ ወደ ሰው የተሸጋገረ ነው። ትኋን ምግብ ሳያገኝ ለወራት፣ ለስላሳ መዥገርም ከዚያ ለሚረዝም ጊዜ መቆየት ይችላል።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ። አንድ ሰው ከጣራው ያሉትን የሌሊት ወፎች በጭስ ቢገድል፣ ተባዮቹ ባለቤት አጥተው በስንጥቁ ይቀራሉ። ሲርባቸውም ሙቀት ወዳለበት፣ ማለትም ወደ ተኛው ልጅ ይወርዳሉ። የሌሊት ወፍ ባለችበት ጊዜ ያልነከሰው ቤተሰብ እርሷ ከጠፋች በኋላ የሚነከሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ በሽታ

የሌሊት ወፍ ጠቃሚ ናት ማለት በእጅ ትያዝ ማለት አይደለም። እንደ ማናቸውም አጥቢ እንስሳ በእብድ ውሻ በሽታ ልትያዝ ትችላለች፤ በአገራችን ይህን በሽታ በብዛት የሚያመጣብን ውሻ ቢሆንም። በዋሻ የሚኖር አንድ ፍሬ በል ዓይነት ደግሞ የማርበርግ በሽታ ተሸካሚ መሆኑ ተረጋግጧል። ይህ በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው በኅዳር 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጂንካ ነው። ከዚህም ሌላ በተከማቸ ደረቅ ኩስ ላይ የሚያድግ ሻጋታ አለ፤ አቧራው ሲሳብ ሳንባን ያሳምማል። በዋሻ ጭስ የሚያጨስና የሚደበድብ ሰው ራሱን ለዚህ ሁሉ ያጋልጣል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ፤ በዋሻና በገደል ያሉትን አትንኳቸው። እሳት አታንድዱ፤ ልጆችም ለጨዋታ እንዳይገቡ ከልክሉ።

2ኛ፤ ወድቃ ያገኛችኋትን የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ አትያዙ። ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

3ኛ፤ የሌሊት ወፍ የቦጨቀችውን ፍሬ አትብሉ፤ ለልጆችም አትስጡ። የውሃ እንስራና የእህል ዕቃ ከጣራዋ ሥር ሳይከደን አይደር።

4ኛ፤ ከመኖሪያ ቤት ልታስወጧት ከፈለጋችሁ ሳትገድሉ አስወጡ። በመጀመሪያ በባትሪ አይታችሁ መብረር ያልቻለ ግልገል አለመኖሩን አረጋግጡ፤ ካለ እስኪያድግ ታገሡ። ከዚያ ሁለት ሦስት ማታ ውጭ ቆማችሁ መውጫዋን ለዩ። ሌላውን ቀዳዳ ሁሉ ድፈኑና በመውጫው ላይ ላዩ የተጣበቀ፣ ታቹ የተለቀቀ ጨርቅ ስቀሉ። ገፍታ ትወጣለች፤ መመለስ ግን አትችልም። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድም አለመቅረቷን አይታችሁ መውጫውን ዝጉ።

5ኛ፤ በዚያው ቀን ማደሪያዋ የነበረውን ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ ለስኑ፤ ትኋንና መዥገሩ ተዘግቶበት ይቀራል። አልጋችሁን ከግድግዳው አርቁ። ለሰብል የተሠራ የተባይ መርዝ ግን በመኝታ ቤት ፈጽሞ አትርጩ፤ ከትኋኑ ይልቅ ልጃችሁን ይጎዳል።

6ኛ፤ ኩሷ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያለበት ጥሩ ማዳበሪያ ነው። በቤት ጣራ ሥር የተከማቸውን ስትጠርጉ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፤ እንዳይቦን ውሃ አርከፍክፉበት፤ ከብስባሽ ጋር ቀላቅላችሁ ቅበሩት፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ኩስ ፍለጋ ግን ወደ ዋሻ አትግቡ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ጎረቤት የሚከበረው በየቤቱ ሲኖር ነው። የሌሊት ወፍም በዋሻዋ፣ እኛም በቤታችን እንኑር። በራችሁ ላይ ቆማችሁ ማታ ወደ ማሳው ስትበርር ብታዩ፣ ለሥራ እየሄደች መሆኑን አስቡ። በቤት ያለችውን ለማስወጣት ችግር የገጠመው ሰው የቀበሌውን የግብርና ሠራተኛ ያማክር። ፈጣሪ አዝመራችሁን ይባርክ።