ርእሰ ከተማው ከእንጦጦ ባይወርድ ኖሮ
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



«ምርጫ» የሚለው ቃል በተነሣ ጊዜ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ኮሮጆና ወደ ድምፅ መስጫ ወረቀት ይሄዳል። የኢትዮጵያ ሕዝብ የምክር ቤት አባላትን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ የመረጠው በ1948 ዓ.ም. የወጣውን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ተከትሎ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምርጫ በተካሄደ ቁጥር «ውጤቱ ሌላ ቢሆን ኖሮ አገሪቱ ዛሬ ምን ትመስል ነበር?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ይሁን እንጂ ኮሮጆ ሳይቀርብለት፣ ድምፅም ሳይቈጠርበት የተፈጸመ፣ ነገር ግን ከብዙዎቹ የድምፅ ምርጫዎች ይልቅ የሕዝቡን የዕለት ኑሮ የለወጠ አንድ ምርጫ በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ይኸውም የርእሰ ከተማው ቦታ ምርጫ ነው።

የታሪክ ጸሐፊ «ቢሆን ኖሮ» የሚለውን አነጋገር ቢጠላው ያምርበታል፤ ለመሐንዲስ ግን እንጀራው ነው። መንገድ ቀያሽ ሦስት መሥመር ነድፎ ሁለቱን ሲጥል፣ የግድብ መሐንዲስ ከአራት ሸለቆ አንዱን ሲመርጥ፣ ያልተሠራው ሥራ ምን ያህል ያስወጣ እንደ ነበረ አስቀድሞ አስልቶ ነው። ስለ እንጦጦም በዚሁ ልማድ መነጋገር ይቻላል።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከአንኮበርና ከልቼ ወደ ደቡብ ምዕራብ እየገፉ መጥተው በእንጦጦ ላይ የከተሙት በ1870ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። በቦታው ላይ የጥንት ነገሥታት ከተማ ፍርስራሽ አለ መባሉ ለምርጫው ክብር ሰጥቶታል። ከዚህ ይልቅ ግን ተራራው ምሽግ ነበር። ከአናቱ ላይ የቆመ ዘበኛ በደቡብ በኩል እስከ ዝቋላ፣ በሰሜን በኩል እስከ ሱሉልታ ሜዳ ያያል። በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ሐረር በዘመቱበት ወቅት እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ወርደው በፍልውኃ አጠገብ ሰፈሩ፤ ቤትም አሠሩ፤ ስሙንም «አዲስ አበባ» አሉት። እንዲህም ሆኖ የሥርዐቱ ማዕርግ ከላይ እንደ ቆየ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው በአቡነ ማቴዎስ እጅ የተቀቡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው፤ ከተማው ከታች ከተሰየመ ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንዲያውም በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የተሰጠው የምድር ባቡር ውል የሚናገረው ከጅቡቲ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ ስለሚዘረጋ ሐዲድ ነው። ስለዚህ ምርጫው በአንድ ቀን የተቈረጠ አይደለም። ለዓመታት ሁለት ከተሞች፣ አንዱ በማዕርግ፣ ሌላው በኑሮ፣ ጎን ለጎን ኖረዋል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ስሌቱ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። የተራራው ጀርባ የዓባይና የአዋሽ ተፋሰሶች መለያ ድንበር ነው፤ በሰሜኑ ገጽ የወረደ ዝናም በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ሲሄድ፣ በደቡቡ ገጽ የወረደው በቀበና፣ በቀጨኔና በሌሎቹ ጅረቶች አድርጎ በአቃቂ በኩል አዋሽን ይቀላቀላል። በአንድ ጣራ ላይ የወረደው ጠብታ ግማሹ ለሜዲትራኒያን፣ ግማሹ ለአፋር በረሃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለገጣሚ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ለውኃ መሐንዲስ ግን መርዶ ነው። በተፋሰስ ድንበር ላይ የተቀመጠ ከተማ ከበላዩ የሚፈስስለት ወንዝ የለውም፤ ያለው ምንጭ ነው፤ ምንጩም ከአናቱ ሳይሆን ከጎኑና ከግርጌው ይፈልቃል።

የአንድ ሰፈር ሠራዊትና አጃቢ 10,000 ሰው ነው እንበል፤ ለእያንዳንዱም በቀን 10 ሊትር ብቻ ይታሰብ። ይህ በቀን 100,000 ሊትር፣ ባለ 20 ሊትር በሆነ እንስራ 5,000 እንስራ ውኃ ነው። ይህን በጀርባ አዝለው ዳገቱን የሚወጡት እነማን እንደ ነበሩ መናገር አያስፈልግም። የከብትና የበቅሎው ከዚህ ውስጥ አልተቈጠረም። ከተማው ሲወርድ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ኢልግ በ1880ዎቹ አጋማሽ ከእንጦጦ ምንጭ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት ውኃ ባወረዱ ጊዜ ያለ ሞተር የሠራላቸው የተራራው ከፍታ ነበር። እንጦጦ ለተቀመጠበት የነሣውን ውኃ ከእግሩ ሥር ለሰፈረው ሰጠ።

ርእሰ ከተማው ከላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ የዛሬው ሒሳብ ይህን ይመስል ነበር። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ በ600 ሜትር ከፍታ ለማንሣት፣ ምንም ብክነት የለም ቢባል እንኳ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ፓምፑና ሞተሩ በመቶ 70 ቢሠሩ 2.3 ይደርሳል። የለገዳዲ ማጣሪያ ከተራራው ጫፍ ከዚህ ላላነሰ ከፍታ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ብቻ ወደዚያ ለማውጣት በዓመት ከ80 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት በላይ መብራት ይፈጅ ነበር። ይህም በየቧንቧው ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋው ሳይጨመርበት ነው።

ሐዲዱስ? የአዲስ አበባ ጣቢያ በ2,350 ሜትር ያህል ላይ ነው። ከዚያ ተነሥቶ 650 ሜትር ለመውጣት፣ በ1,000 ሜትር 25 ሜትር የሚወጣ ዳገት ቢፈቀድ፣ 26 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ሐዲድ በተራራው ጎን መጠምዘዝ ነበረበት። ድልድዩ፣ ቁርጡ፣ ዋሻው ሳይቈጠር ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሥራ ገና ድሬዳዋ ሲደርስ በ1895 ዓ.ም. ገንዘቡ አልቆ ለዓመታት ቆሟል፤ አዲስ አበባም የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ አቅም ላይ 26 ኪሎ ሜትር የተራራ ሐዲድ ማን ይጨምርበት ነበር?

የዚህ ጥያቄ መልስ ከግምት ይልቅ በድሬዳዋ ይገኛል። ውሉ ሐረር ይድረስ ቢልም ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከግርጌው ቆመ፤ በቆመበትም ቦታ ከምንም ተነሥታ ድሬዳዋ ተወለደች። ንግዱ፣ ጉምሩኩ፣ መጋዘኑ ወደዚያ ወረደ፤ ሐረር ግንቧንና ክብሯን ይዛ ከላይ ቀረች። እንግዲህ ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ጸንቶ ቢቀር ኖሮ ፊንፊኔ ሜዳ ባዶውን ይቀር ነበር ማለት አይደለም፤ የእንጦጦ ድሬዳዋ ይሆን ነበር። ከላይ ንጉሥ፣ ጳጳስና ዳኛ፤ ከታች ነጋዴ፣ ባቡርና ሠራተኛ። ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ በየዕለቱ ዳገት የሚወጣበት፣ መንግሥትና ገበያ በ600 ሜትር ከፍታ የሚለያዩበት አገር ይሆን ነበር። ይህ ለአስተዳደሩ ጠባይ ምን ያደርግ እንደ ነበረ መገመት ለፖለቲካ ሊቃውንት ይተው፤ ለደጅ ጠኚ ጉልበት ግን ጥሩ እንደማይሆን መናገር ሊቅነት አይጠይቅም።

በዚህ ላይ ለእንጦጦ የሚከራከርለት ነገር አለ፤ መተው አይገባም። መሠረቱ ዐለት ነው። በቦሌና ከዚያም በስተደቡብ ባለው ጥቁር መረሬ አፈር ላይ፣ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ ግድግዳ የሚያናጋው መሬት፣ ስንት ባለቤትና ስንት ተቋራጭ እንዳስለቀሰ ከዚህ ጉባኤ የተሰወረ አይደለም። ተራራው ላይ ቢገነባ ያ ሁሉ የመሠረት ወጪ በቀረ ነበር። ስለ አውሮፕላን ከተነሣ ግን ክርክሩ ይዳከማል፤ በ3,000 ሜትር የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው በመቶ 74 ያህል ብቻ ነው፤ በቦሌ ከፍታ 80 ገደማ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የቦሊቪያ ኤል አልቶ ማረፊያ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መንደርደሪያ ያስፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት የመጡት መሪዎች ሁሉ በዚያ ከፍታ ላይ ማረፍ ነበረባቸው ማለት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለውጥ ሊያመጣ ይችል የነበረው ግን የእንጦጦው ሳይሆን የአዲስ ዓለሙ ምርጫ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ከተማ ማለት የንጉሥ ሰፈር ነበር፤ እንጨቱ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። አዲስ አበባም ገና 15 ዓመት ሳይሞላት በዙሪያዋ ያለው ደን አለቀ፤ ምኒልክም በ1892 እና በ1893 ዓ.ም. ገደማ በስተምዕራብ እንጨት ወዳለበት ስፍራ ለመሄድ አስበው አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ነገር ግን የውጭ አገር መልእክተኞችና መኳንንቱ በአዲስ አበባ ቤት ሠርተው ነበር፤ በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ ዘሩ የመጣው ባሕር ዛፍም በዚያው ሰሞን እየጸደቀ ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ አሳባቸውን ለወጡ። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ የማርያም ታቦት ገባበት።

የባሕር ዛፉ ዘር ዐሥር ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ? አዲስ አበባ እንደ ልቼ ትሆን ነበር። አዲስ ዓለምም ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ በተራዋ እንጨት ጨርሳ ሌላ ስፍራ ባስፈለገ ነበር። ነዋሪው እንደሚነሣ እያወቀ ድንጋይ አይክብም፤ ቧንቧ አይቀብርም፤ ርስት አይገዛም። የአዲስ አበባ መሬት በግል እንዲያዝ የሚፈቅደው ደንብ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሊወጣ የቻለው ከተማው እንደማይነሣ ስለ ታወቀ ነው። ሐዲዱም ቢሆን የሚሄድበትን የማያውቅ ባቡር ይሆን ነበር። አውስትራሊያውያን እንኳ ከባሕር ዛፉ ሌላ በዚህ ነገር ምሳሌ ይሆኑናል፤ በ1904 እ.ኤ.አ. ዳልጌቲ የምትባል ስፍራን በሕግ ርእሰ ከተማ አድርገው መርጠው፣ በ1908 ምክር ቤታቸው እንደገና ድምፅ ሰጥቶ ወደ ካንቤራ አዞረው። ዳልጌቲ ዛሬም ትንሽ መንደር ናት። እነርሱ አሳባቸውን የለወጡት አንድ ድንጋይ ሳይጣል በወረቀት ላይ ነው፤ አዲስ ዓለም ግን ግንቡ ከቆመ በኋላ ነው የተተወችው።

የወረደው ከተማ ሜዳውን ባዶ አላገኘውም። ጉለሌ፣ ገላንና ኤካ ዛሬ የክፍለ ከተማና የሰፈር መጠሪያ ከመሆናቸው በፊት የጎሳ ስሞች፣ ከብት የሚያሰማሩባቸውና ፍልውኃውን የሚጠጡባቸው የኦሮሞ ባላገሮች ስሞች ነበሩ። በማንኛውም የአማራጭ ጥናት ውስጥ «ከቦታው የሚነሡ ሰዎች» የሚል ዓምድ ዛሬ ግዴታ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓምድ አልነበረም። እንጦጦ ላይ መቅረት ለእነርሱ ጊዜ ይገዛ ነበር፤ ምናልባት እስከ ባቡሩ መምጫ ሠላሳ ዓመት። ከዚያ በላይ ይገዛ ነበር ማለት ግን የድሬዳዋን ምሳሌ መርሳት ነው።

ሌላም ያልተሞላ ዓምድ አለ። ከተማውን ከመሰደድ ያዳነው ባሕር ዛፍ ከተራራው ወደ ሽሮ ሜዳ የወረደው በእናቶች ጀርባ ነው። ጎንበስ ብለው፣ ከቁመታቸው የሚሰፋ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም አዝለው የሚወርዱት ሴቶች ለከተማው ጽናት ሲከፍሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የአዲስ አበባ ምጣድ የጋለበት ኃይል በየትኛውም የኃይል ማመንጫ መዝገብ ላይ አልተጻፈም።

ዛሬ ከተማው የወረደበትን ዳገት ተመልሶ እየወጣ ነው። ኮከብ ለማየት ከሆነ ተራራው እውነትም የተመቸ ነው፤ ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች በ3,200 ሜትር ላይ ቆመዋል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክም ለደኑ ሌላ ተግባር ሰጥቶታል። የመኖሪያ ቤት ነገር ግን ለየብቻ መታየት አለበት። ከአቃቂ ጉድጓዶች፣ ማለትም ከ2,100 ሜትር ገደማ፣ በሰሜን ጉለሌ 2,600 ሜትር ላይ ለተሠራ ቤት ውኃ ለማድረስ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል፤ ታሪፉ ግን ከላይ ላለውም ከታች ላለውም የተለየ አይደለም። ከዚያ በላይ የሚሠራ እያንዳንዱ ጣራና እያንዳንዱ አስፋልት ወደ ምንጮቹ ይሰርግ የነበረውን ዝናም ጎርፍ አድርጎ ወደ ቀበናና ወደ ቀጨኔ ይሰደዋል። ለዚህ ማኅበር የሚቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በጉለሌ ካርታ ላይ የቤት ፈቃድ የማይሰጥበት አንድ የከፍታ መሥመር ይሰመር፤ የመሥመሩን ቁጥር የውኃ፣ የመንገድና የሥነ ምድር ባለሙያዎች በአንድነት ይወስኑ፤ የሚቀጥለው መሪ ፕላን ሲዘጋጅም ከነስሌቱ ይቅረብ። 2,600 ይሁን፣ 2,650 ይሁን፣ በዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር ቢኖር ለዚሁ ጉባኤ ነው።