እንዶድ፣ ባቄላና የመጀመሪያው ዓመት ኬሚስትሪ

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ለባዮሎጂ ተማሪ ኬሚስትሪ ምኑ ነው? የሳይንስ ዘዴስ እንዴት ይማራል?» በሚለው ጉዳይ ላይ አጠር አድርጌ እንድናገር ጠይቆኛል። እኔ የማስተምረው መንዝ ቀያ ገብርኤል፣ ዘመሮ ከተማ ነው። ከኛ ዘንድ ወጥተው ባዮሎጂ ሊያጠኑ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ይደውሉልኛል። የሚሉትም አንድ ዓይነት ነው፦ «ቲቸር፣ እኔ የመጣሁት ስለ ሕይወት ልማር ነበር፤ ይሄ ሞል የሚባል ነገር ሊገድለኝ ነው!» አዎ፣ ያስቃል። ነገር ግን ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ በሁለተኛው ሴሚስተር መስኩን ለቀው ይሄዳሉ። ጎበዞች ነበሩ። የጎደላቸው ጭንቅላት አይደለም፤ ኬሚስትሪውና ሕይወቱ አንድ መሆኑን የሚያሳያቸው ሰው ነው።

ሁለተኛም ችግር አለ። ልጆቹን «የሳይንስ ዘዴ ምንድን ነው?» ብትሏቸው እንደ ዳዊት ያነበንቡላችኋል፦ ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ መደምደሚያ። ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኙበታል። «እሺ፣ እስቲ አሁን አንድ ነገር ጠይቁና ፈትኑ» ስትሏቸው ግን ዝም ይላሉ። ዘዴውን እንደ ጸሎት ተማሩት እንጂ እንደ ሥራ አልተማሩትም።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ምሳሌ ይዤ መጥቻለሁ። አንዱ ከዘመሮ ጓዳ ነው፤ ሌላው ከአድዋ ወንዝ።

ከጓዳው ልጀምር። መንዝ ውስጥ የባቄላ ንፍሮ ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ለምን? ክፍል ውስጥ ስጠይቅ ሦስት መልስ አገኛለሁ። አንዱ «ባቄላው የከረመ ስለሆነ ነው» ይላል። ሌላዋ «የምንጩ ውሃ ከባድ ስለሆነ ነው» ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ «አገራችን ደጋ ስለሆነ ነው» ይላል። እነዚህ ሦስቱ መላምት ናቸው። መላምት ማለት የመሰለንን መናገር ብቻ አይደለም፤ ስህተት ከሆነ ስህተትነቱ ሊታወቅ የሚችል ግምት ማለት ነው። «እግዜር ያላለው አይበስልም» የሚለው አባባል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን በድስት አይፈተንም።

ታዲያ እንዴት እንፈትን? የከረመው ባቄላ ነው ካልን፣ የዘንድሮና የአምና ባቄላ እኩል መዝነን፣ በአንድ ዓይነት ድስት፣ በአንድ ዓይነት ውሃ፣ በእኩል እሳት እንጥዳለን። ውሃው ነው ካልን፣ ባቄላውን አንድ ዓይነት አድርገን በአንዱ ድስት የምንጭ ውሃ፣ በሌላው የዝናብ ውሃ እናደርጋለን። ቁም ነገሩ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ሌላውን ሁሉ ባለበት መያዝ ነው። ማነጻጸሪያ የምንለው ይኸው ነው። ሁለት ነገር ባንዴ የለወጠ ተማሪ ንፍሮ ይበላል እንጂ መልስ አያገኝም።

ለሦስተኛው መላምት ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ስንወጣ ግን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ይሆንና ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ከፈላ በኋላ ደግሞ እሳቱን ብንጨምርም ይተናል እንጂ አይግልም። ብዙ የኬሚካል ለውጦች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነታቸው በግምት በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ደጋው እውነትም ድስታችን ውስጥ ገብቷል። ያው ባቄላ ወደ ጀማ ሸለቆ ቢወርድ ቶሎ መብሰል አለበት ብለን አስቀድመን መተንበይ እንችላለን፤ ወርደን ደግሞ ማየት ነው።

ልጆቹን የሚያስገርማቸው ግን ሌላው ነገር ነው። ሦስቱም መላምቶች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ! የአንዱ እውነት መሆን የሌላውን ሐሰትነት አያሳይም። ባቄላ የሚለሰልሰው የሴሎቹን ግድግዳ አጣብቆ የያዘው ፔክቲን የሚባለው ነገር በሙቀት ሲፈታ ነው። ከባድ ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሁለት የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው በፔክቲኑ ሰንሰለቶች መካከል ድልድይ ይሆንና እንዳይላቀቁ ያደርጋል። እንግዲህ ይኼ ኬሚስትሪ ነው ወይስ ባዮሎጂ? የአዮን ትስስር ነው፤ የእፅዋት ሴል ግድግዳም ነው። ድስቱ ውስጥ የዲፓርትመንት ድንበር የለም።

ወደ ሁለተኛው ምሳሌ ልለፍ። እዚህ ያለነው ሁላችንም የዶክተር አክሊሉ ለማን ስም እናውቃለን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ግን ሥራቸውን ለተማሪ እንደ ታሪክ እንጂ እንደ ዘዴ አናስተምረውም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ያጠኑ ነበር። የበሽታው ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት በወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣ ሆድ ማደግ አለበት። እናም ወንዝ ዳር ሲመለከቱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ በብዛት አዩ። በሌላው ቦታ እንዲያ አልነበረም። ያንን ወንዝ ብዙ ሰው አይቶታል። እሳቸው ግን «እዚህ አለ፣ እዚያ የለም» የሚለውን ልዩነት አዩ። ምልከታ ማለት ይኼ ነው፤ ዓይን መግለጥ ሳይሆን ማወዳደር።

ቀጥሎ ያደረጉት ቀላል ነው። ከአጣቢዎቹ የእንዶዱን አረፋ ተቀብለው ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ጨመሩት። ሞቱ። ከዚያ ወደ ላቦራቶሪ ገቡ። እዚህ ላይ ተማሪዎቼን አቁሜ እጠይቃለሁ፦ «ገዳዩ እንዶዱ ነው ለማለት ይኼ ይበቃል?» ከልብሱ የወጣው እድፍ ቢሆንስ? ውሃው ጠርቶ አየር ቢያጥረውስ? እንዶድ የሌለበት ያው ውሃ፣ ያው ዕቃ፣ ያው ቀንድ አውጣ ከጎኑ ካልተቀመጠ ምንም አላወቅንም። ከዚያም መጠኑን እየቀነሱ መሞከር አለ፤ በስንት እንዶድ ስንት ይሞታል? ሞልና ጥግግት ልጆቹን የሚገድላቸው መስሏቸው የሚፈሩት፣ ለዚህ መሆኑን ስላልነገርናቸው ነው። የመድኃኒትና የመርዝ ልዩነት መጠን ነው፤ መጠን ደግሞ ያለ ኬሚስትሪ አይነገርም።

እንግዲህ እንዶድ ለምን ያጥባል? ለምንስ ይገድላል? መልሱ አንድ ነው። የውሃ ሞለኪውል አንድ ኦክሲጅንና ሁለት ሃይድሮጂን ነው፤ ኦክሲጅኑ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ስለሚስብ አንዱ ጫፍ አሉታዊ፣ ሌላው አዎንታዊ ያደላል። ስለዚህ ውሃ እንደሱ ሙል ያላቸውን ይወዳል፤ ቅባትን አይወድም። እንዶድ ውስጥ ሳፖኒን የሚባሉ ሞለኪውሎች አሉ። አንደኛው ወገናቸው ቅባት ወዳድ ነው፤ ሌላው ወገናቸው የስኳር ሰንሰለት ስለሆነ ውሃ ወዳድ ነው። በአንድ እጁ ቅባቱን፣ በሌላ እጁ ውሃውን ይዞ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ማለት ነው። የልብስ እድፍ የሚለቀው በዚህ ነው። የሴል ሽፋንስ ከምን ተሠራ? ከቅባት! ሳፖኒኑ ከሽፋኑ ኮሌስትሮል ጋር ይጣበቅና ሽፋኑን ይበሳዋል። ሸማውን የሚያጸዳው ባሕርይ ቀንድ አውጣውን ይገድላል።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን በአብዛኛው ሁለት የስኳር ሰንሰለት ያለውና ቀንድ አውጣን የማይጎዳው ዓይነት ነው። ፍሬው ተቀጥቅጦ ውሃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ኃይል የሚያገኘው ያኔ ነው። በአልኮል ሲጨመቅ ግን ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይሠራ ይቀራል። እናቶቻችን እንዶዱን ወቅጠው በውሃ የሚዘፈዝፉት ኬሚስትሪውን ተምረው አይደለም፤ የሚያደርጉት ግን ትክክለኛው ነው። ነባር ዕውቀትን ማክበር ማለት ማሞገስ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደሚሠራ እስከ ሞለኪውሉ ድረስ መጠየቅ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ከባዱ ክፍል። ዶክተር አክሊሉና ባልደረቦቻቸው አድዋ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ወንዞቹን በእንዶድ እያከሙ ተከታተሉ። በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሆኖም ዓለም አቀፍ ተቀባይነቱ ለዓመታት ተጓተተ፤ የደኅንነት ምርመራው በታወቁ የውጭ ላቦራቶሪዎች ካልተደገመ ተባለ። ዶክተር አክሊሉ በዚህ በጣም አዝነው ነበር፤ የድሃ አገር ሳይንስ እንደማይታመን ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በኋላም አሜሪካ ውስጥ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎል ለባሾችን ለመግደል እንዶድ ተሞክሮ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ፓተንት አወጣበት።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ለይተን ለተማሪ እንስጥ። አንደኛ፣ «ይደገም» የሚለው ጥያቄ በራሱ ስድብ አይደለም። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ሰው የሚጠጣው ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሁሉ መመርመር አለበት። ማንም ይሥራው ማን ሊደገም የማይችል ውጤት ውጤት አይደለም። ሁለተኛ ግን፣ የሚደግመው ሁልጊዜ ሌላ አገር መሆኑ ሕግ አይደለም። ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና በጥንቃቄ የተያዘ ደብተር ካለን እኛም መድገም እንችላለን። የራሱን ሙከራ በራሱ መፈተን የማይችል ሕዝብ የሌላውን ማረጋገጫ ሲጠብቅ ዓመታት ያልፉበታል፤ በነዚያ ዓመታት ልጆች ይታመማሉ።

ስለዚህ ልመናዬ እነሆ። መምህራኖቻችን፣ ለመጀመሪያው ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ የኬሚስትሪውን ትምህርት ከአቶም ጀምሮ ወደ ሕይወት ከማምጣት፣ አንዳንዴ ከእንዶዱ ጀምራችሁ ወደ አቶሙ ውረዱ። ሞሉም፣ ትስስሩም፣ ፒኤቹም በመንገድ ላይ ይገኛል። የላቦራቶሪ ሪፖርት ስታርሙም «መጽሐፉ የሚለውን አገኘ» ከሚለው ይልቅ «ማነጻጸሪያው የታለ?» ለሚለው ነጥብ ስጡ። ያልተጠበቀ ውጤት እንዳለ የጻፈ ተማሪ አይቀጣ፤ ቁጥሩን ለማሳመር ከጓደኛው የገለበጠ ነው የከሰረው።

የቀድሞ ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተን የምጠይቀው ሕንፃ አይደለም። እያንዳንዳችን በተማርንበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ሣጥን እናኑር፦ ጥቂት ቴርሞሜትር፣ አንድ ሚዛን፣ መለኪያ ብርጭቆዎች፣ ጥቂት ደብተር። የቀረው ከጓዳ ይገኛል። እርድ ለምሳሌ ምርጥ የአሲድና የቤዝ መለኪያ ነው፤ ሎሚ ብትጨምሩበት ቢጫነቱን ይይዛል፣ የአመድ ውሃ ብትጨምሩበት ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። የወጥ ነጠብጣብ በሳሙና ሲታጠብ ለምን እንደሚቀላ አሁን ገባችሁ አይደል? የእንዶድ ውሃስ እርዱን ይለውጠዋል? መልሱን አልነግራችሁም። ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት፤ ከጎኑም ንጹሕ ውሃ ብቻ ያለበት ብርጭቆ ማስቀመጥ አትርሱ።

ዶክተር አክሊሉ የተመለከቱት ወንዝ የተለየ ወንዝ አልነበረም። ዘመሮም አጠገብ ወንዝ አለ፣ እንዶድ አለ፣ የሚጠይቁ ልጆችም አሉ። ጥያቄያቸው ዩኒቨርሲቲ በር ላይ እንዳይሞት የማድረግ ኃላፊነት የኛ ነው።